ሚዛን ይዘን ማድ ቤት ገባን

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ምህንድስና አስተምራለሁ። ግቢያችን ያለው በአንድ ደጋ ከተማ ዳር ነው። ከአጥሩ ወዲያ የገበሬ ቀበሌ ይጀምራል። ማታ ማታ የግቢው መብራት ሜዳውን ያደምቀዋል፤ ከአጥሩ ማዶ ግን ለብዙ ዓመት ኩራዝ ነበር። ጠዋት ወደ ክፍል ስሄድ የባህር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ያዘሉ ሴቶች አጥራችንን ታከው ያልፋሉ። አንዳንዶቹ ከተማሪዎቼ በዕድሜ ያንሳሉ።

እኔና ሦስት ባልደረቦቼ ከዚያ ቀበሌ ጋር መሥራት ከጀመርን ሰባት ዓመት ሆነን። ምድጃ ሠርተናል፣ ሶላር ጠግነናል፣ ባዮጋዝ ሞክረናል፣ አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ነን። የተሳካልን አለ፣ የከሸፈብንም አለ። ይህን የምጽፈው በሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ ሥራ ልጀምር ለሚል መምህር ወይም ተማሪ ነው። ከዩኒቨርሲቲ አጠገብ ለምትኖሩም ነው። ማስተማር፣ መመራመርና ማህበረሰብን ማገልገል የዩኒቨርሲቲ ሦስቱ ሥራዎች ናቸው። ሦስተኛውን ሄዶ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

የጀመርነው በምድጃ ነው። ወርክሾፓችን ውስጥ ከላሜራ አንድ ምድጃ ሠራን። ላቦራቶሪ አስገብተን ድስት ጣድንበት፤ ውሃው እስኪፈላ ስንት እንጨት እንደሚበላ ለካን። ውጤቱ ግሩም ነበር። ደስ ብሎን ሃያ ያህል ሠራንና ለሃያ ቤት አደልን። ባነር ተሰቀለ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ሪፖርት ተጻፈ።

ከሦስት ወር በኋላ እንዴት ሆናችሁ ብለን ስንሄድ፣ በየቤቱ ምድጃችን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እሳቱ ያለው ጉልቻው ላይ ነው። አንዲት እናት ቡና እያፈሉ ነበርና አስቀመጡኝ። ለምን እንዳልተጠቀሙበት ጠየቅኳቸው። ቅር እንዳይለኝ ተጠንቅቀው ነው የነገሩኝ። «ልጄ፣ ይሄ ያመጣሽልን ነገር ውሃ ያፈላል። እኛ ደግሞ እንጀራ ነው የምንበላው» አሉኝ።

ከዚያ ምጣዳቸውን ጥደው አሳዩኝ። እሳቱ መሃል ላይ ብቻ ይወጣል። መሃሉ ያርራል፣ ዳሩ ሊጥ ይቀራል። ዓይን አያወጣም። የማገዶ መክተቻው አፍ ደግሞ ለተፈለጠ እንጨት ነው የተሠራው። «እንጨት ፈልጦ የሚያነድ ያለው ሰው ነው። የእኛ ማገዶ ቅጠልና ኩበት ነው፤ በዚህች ቀዳዳ አይገባም» አሉኝ።

ያን ቀን የሰማሁት ከብዙ መጽሐፍ ይበልጥብኛል። አንድ ድስት ጠባብ እሳት ይበቃዋል። ምጣድ ግን ወደ 60 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው። ሙቀቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል መድረስ አለበት። አንዱ እንጀራ ሲወጣ ምጣዱ ይቀዘቅዛል፤ ቀጣዩ ሊጥ ከመፍሰሱ በፊት ሙቀቱን መልሶ ማግኘት አለበት። በዓለም ላይ ካሉ የምግብ ማብሰያ ሥራዎች እንጀራ መጋገር ከባዶቹ አንዱ ይመስለኛል። መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በፀሐይ ሙቀት እንጀራ ለመጋገር ምርምር ሲያደርግ ዓመታት የፈጀበትም ለዚሁ ነው። እኛ ግን ይህን ሁሉ ዘለን ውሃ አፍልተን ተመለስን።

ስለዚህ ሥራውን እንደገና ጀመርን። በዚህኛው ዙር ምንም ዕቃ አልያዝንም። የያዝነው ሚዛን ብቻ ነው።

አለካኩ ቀላል ነው፤ ማንም ሊሠራው ይችላል። ጋጋሪዋ አንድ ሰው ትሁን። ሊጡ ከአንድ ቡሃቃ ይሁን። ምጣዱ ያው ምጣድ፣ የእንጀራው ቁጥርም እኩል ይሁን። ማገዶው ከመጋገሩ በፊት ይመዘናል። ሲያልቅ የተረፈው እንጨትና ፍሙ ይመዘናል። ልዩነቱ የተቃጠለው ነው። አንድ ቀን በጉልቻ፣ ሌላ ቀን በሚሞከረው ምድጃ፣ ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ። ማገዶው እርጥብ ከሆነ ውጤቱ ይዛባል፤ ሁለቱንም ቀን እኩል የደረቀ መሆን አለበት። መዛኟ ደግሞ የቤቱ እመቤት ራሷ ትሁን። ይህን የምለው ምክንያት አለኝ። እኛ መዝነን ከነገርናቸው ቁጥሩ የእኛ ወሬ ነው። እሳቸው መዝነው ለጎረቤት ከነገሩ ግን ሰፈሩ ያምናል።

በዚህ መንገድ ከሞከርናቸው አንዱ «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ ነው። አዲስ ነገር አይደለም። በአገራችን ባለሙያዎች በ1980ዎቹ የተሠራ ነው። ከሲሚንቶና ከቀይ አሽ ወይም ከመሰል ቀላል ድንጋይ ይቀረጻል። ስድስት ቁራጭ አለው። አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱን ዙሪያውን የሚይዝ ክብ ይሆናሉ። ሁለቱ ከኋላ ተቀምጠው ድስት ይሸከማሉ። እሳቱ ከምጣዱ ሥር ሲወጣ ድስቱን ያገኘዋል፤ እንጀራ እየተጋገረ ወጥ ወይም ውሃ ይሞቃል። ከጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል ሲባል እሰማ ነበር። በእነዚያ እናት ቤት ስንመዝነው ወደ ግማሹ ተጠጋ። የማገዶው አፍም ሰፊ ነው። ኩበቱም ቅጠሉም ይገባል።

እውነቱን ለመናገር ይህ ለእኛ ለመሐንዲሶች ቀላል አልነበረም። ሁላችንም የራሳችን ፈጠራ እንዲሆን እንፈልጋለን። የደረጃ ዕድገት የሚገኘው አዲስ ነገር ሠርቶ በመጽሔት በማሳተም ነው። ሌላ ሰው ከ20 ከሚበልጥ ዓመት በፊት የሠራውን ምድጃ ወደ ቀበሌ በማድረስ ማንም ተባባሪ ፕሮፌሰር አይሆንም። ግን ቀበሌው አዲስ ምድጃ አላጣም። ያጣው ምድጃውን የሚሠራለትና የሚሸጥለት ሰው ነው። በወረዳው ውስጥ አንድም አምራች አልነበረም። ለመግዛት ዞን ድረስ መሄድ ያስፈልጋል፤ የሲሚንቶ ዕቃ ደግሞ ከባድ ነው፣ በመንገድም ይሰበራል።

ከዚህ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ሥራ ምን እንደሆነ ግልጽ ሆነልን። ወርክሾፓችን የብረት ቅርጽ ማውጫ ሞልዶቹን ሠራ። ሥራ የሌላቸው ስምንት ወጣቶች፣ አምስቱ ሴቶች፣ ሥልጠና ወሰዱ። የመጀመሪያዎቹ ምድጃዎች ግን ተሰነጣጠቁ። እኛ ሜካኒካሎች ምክንያቱን ስንፈልግ ሳምንት ፈጀብን። የሲቪል ምህንድስና ባልደረባችን መጥቶ አንድ ጊዜ አይቶ ነገረን። ልጆቹ ቶሎ እንዲደርቅ ብለው ፀሐይ ላይ ያሰጡት ነበር። ሲሚንቶ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ፣ ውሃ እየተረጨ፣ ሰባት ቀን ያህል ጥላ ውስጥ መቆየት አለበት። ከዚያ ወዲህ መሰንጠቁ ቆመ። በአንድ ግቢ ውስጥ ይህ ሁሉ ዕውቀት እያለ በየትምህርት ክፍሉ አጥር መታሰሩ እስካሁን ይቆጨኛል። የኢኮኖሚክስ መምህራን ዋጋ አሰሉልን፣ የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ስለ ጭስ አስተማሩ። አንዳቸውም ስንጠይቃቸው እምቢ አላሉም። ቀድሞ የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

በነፃ አላደልንም። ይህ ብዙ ያከራከረን ጉዳይ ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ ድሃን ገንዘብ መጠየቅ ነውር ነው ይሉ ነበር፤ ሐሳባቸውን አከብራለሁ። ግን በነፃ የሰጠናቸው ሃያ ምድጃዎች ግድግዳ ተደግፈው ሲቀሩ ማንም አልጠየቀንም። የገዛ ሰው ግን ሲሰበርበት አምራቾቹን ፈልጎ ይመጣል። ገንዘብ የከበዳቸው ሴቶች ራሳቸው መላ አመጡ፤ የምድጃ ዕቁብ ጣሉ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጥላሉ፣ ዕጣ የወጣላት ምድጃዋን ትወስዳለች። ለአምራቾቹም የማያቋርጥ ትዕዛዝ ሆነላቸው። እኛ በዚህ ውስጥ ምንም ሚና አልነበረንም።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልናገር። ምርጥ ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፣ ጭስ ይቀንሳል፤ ጭሱን አያጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በፈረንጆቹ 2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በዓለም ላይ ሞቷል። አገራችን ኤሌክትሪኳን ከሞላ ጎደል ሁሉ የምታመነጨው ከውሃና ከነፋስ ነው፤ አብዛኛው ቤተሰብ ግን ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። ስለዚህ ምድጃ ስንሸጥ አብረን ማድ ቤቱን እናያለን። ከጣሪያው ሥር በሁለት በኩል ክፍተት እንዲኖር፣ በሩ ተከፍቶ እንዲጋገር፣ ሕፃን ታዝሎ እንዳይጋገር እንመክራለን። ምድጃው የመንገዱ መጀመሪያ ነው።

አሁን ስለ ጤና ኬላው ልንገራችሁ።

በቀበሌው ጤና ኬላ ጣሪያ ላይ ሶላር ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት አስተክሎት ሄዷል። ለሁለት ዓመት ያህል ሠራና ጠፋ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማታ የመጣች ወላድን በስልኳ መብራት ታያለች። ለማን ይነገር? የተከለው ሄዷል፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ባለሙያ የለውም። የኤሌክትሪካል ምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎችን ይዘን ሄድን። አንድ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ፓነሉ ደህና ነው፤ ግን አቧራ ለብሷል፣ ሲተከል ቁጥቋጦ የነበረ ዛፍ አድጎ ከቀትር በኋላ ያጠላበታል። ባትሪዎቹ ውስጣቸው ደርቋል። የተጣራ ውሃ መጨመር እንዳለበት ለማንም አልተነገረም። የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን ከሚቀይረው ኢንቨርተር ላይ ደግሞ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ቻርጅ ይደረግ ነበር፤ ባትሪው በየቀኑ እስከ ታች ይሟጠጥ ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉም ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል። የሶላር ፓነል 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሠራል። የተለመደው የእርሳስ አሲድ ባትሪ ግን በደንብ ተይዞ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው ዕድሜው። ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሟጠጠ ደግሞ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ ሶላር የሚተክል ማንኛውም አካል ገና ከመጀመሪያው ቀን ቀጣዩን ባትሪ ማን እንደሚገዛ ማወቅ አለበት። ይህ ካልታወቀ የተተከለው ለጥቂት ዓመት የሚቆይ መብራት ነው።

ዛፉን ገረዝን፣ ፓነሉን አጠብን። ባትሪዎቹ ከመዳን አልፈው ስለነበር ተቀየሩ። ለስልክ ቻርጅ የራሱን ትንሽ ፓነል ለየንለት። አንድ ስልክ በትንሽ ገንዘብ ቻርጅ ይደረጋል፤ ገንዘቡን የእድሩ ገንዘብ ያዥ ለብቻው ይይዘዋል። ለቀጣዩ ባትሪ ማለት ነው። የጤና ኬላው ጥበቃ ለሦስት ቀን ግቢያችን መጥቶ ሠለጠነ። የባትሪ ውሃ ማየት፣ ፓነል ማጠብ፣ ፊውዝ መቀየር። ብዙ የተማረ ሰው አይደለም፤ ግን በየሳምንቱ ሰኞ በደብተር ይመዘግባል። ያ ደብተር ከጤና ኬላው አይወጣም። ተማሪ ይመረቃል፣ መምህር ይቀየራል፣ ደብተሩ ግን እዚያው ነው። በየሴሚስተሩ አዲስ የተማሪዎች ቡድን ሲመጣ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።

ተማሪዎቹ ይህን በበጎ ፈቃድ አይደለም የሚሠሩት። ከኮርሱ ውጤት ውስጥ ነጥብ አለው። ይህ ትልቁ ነገር ይመስለኛል። በጎ ፈቃድ በፈተና ሰሞን ይጠፋል። ውጤት የሚያዝበት ሥራ ግን በየሴሚስተሩ ይሠራል። ዩኒቨርሲቲ እንደ ሌላው ድርጅት ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ቢሮውን ዘግቶ አይሄድም። የትም አይሄድም። ከየትኛውም ለጋሽ የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ተመራቂዎቻችንም ትራንስፎርመርን በስዕል ብቻ አይተው ከመውጣት ይድናሉ።

ባዮጋዙን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ገና ብዙ ይቀረዋል። ሐሳቡ የመጣው ከእፍረት ነው። ሴቶቹን ማገዶ ቆጥቡ እያልን የራሳችን የተማሪዎች ወጥ ቤት በጭነት መኪና እንጨት ያስገባ ነበር። አንድ አባት በስብሰባ ላይ ተነስተው «መጀመሪያ የእናንተን እሳት አጥፉት» አሉን። ልክ ነበሩ። ከምግብ ትራፊ ጋዝ የሚያወጣ ጉድጓድ አሠራን። መጀመሪያ አልሠራም፤ የዕቃ ማጠቢያው ሳሙና አብሮ እየገባ ጋዝ የሚፈጥሩትን ተህዋስያን ይገድላቸው ነበር። መስመሩን ለየነው። አሁን ይሠራል፤ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጋዙ ይቀንሳል፤ የወጥ ቤቱንም ፍላጎት የሚሸፍነው በከፊል ነው። በገበሬ ቤት ባዮጋዝ የሚያስብ ካለ ደግሞ ሁለት ነገር ያረጋግጥ። አራት ያህል ከብት ቤት የሚያድር መሆኑን፣ ከእበቱ እኩል የሚሆን ውሃ በየቀኑ በቅርብ መገኘቱን። ጋዙ ለወጥና ለቡና ግሩም ነው፤ በተለመደው የባዮጋዝ ምድጃ ግን እንጀራ አይጋገርም። ይህ ሳይነገራቸው ያስቆፈሩ ሰዎች አዝነው አይቻለሁ።

ስለ ገንዘብም መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ግዢ ወራት ይፈጃል። ገንዘቡ ሲለቀቅ ግንቦት ሆኗል፤ ሰኔ ላይ ዝናብ ይገባል። ሲሚንቶ በክረምት አይቀረጽም ባይባልም ሥራው ይጓተታል። ስለዚህ ሰው በችኮላ ዕቃ ገዝቶ ያድልና ባነር ይሰቅላል። እኛም የመጀመሪያው ዓመት ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ያዳነን ከቀበሌውና ከወረዳው ጋር የሦስት ዓመት ስምምነት መፈራረማችን ነው። በስምምነቱ ውስጥ ግዢ ትንሽ ነው። አብዛኛው የሰው ጊዜ፣ የወርክሾፕ አገልግሎትና ትራንስፖርት ነው፤ እነዚህ ደግሞ ግቢው ውስጥ ያሉ ናቸው። የቀበሌ ሰዎች ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ «እርዱን» ብላችሁ አትጻፉ። «የጤና ኬላችን ሶላር ከመቼ ጀምሮ አይሠራም፤ ተማሪ ላኩልን» ብላችሁ በማህተም ጻፉ። ለማህበረሰብ አገልግሎት ክፍል ስጡ፤ ግልባጩን ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሥራውን ለሚፈልግ መምህርም ጉልበት ይሆነዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት ቀበሌው መብራት ገባለት። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። በዚያ ሰሞን ብዙ ሴቶች ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ መሄድ እንደሚፈልጉ ይነግሩኝ ጀመር። ደስ ይላል፤ ግን አዲስ ጣጣ አመጣ። አንድ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ብዙ ቤት ከጎረቤት ቆጣሪ ቀጥሎ ነው የሚጠቀመው፤ ሽቦው ቀጭን ነው፣ ይግላል። አንድ ሰፈር ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ሲጋግር ትራንስፎርመሩ ይወድቃል። ተማሪዎቻችን ቤት ለቤት ዞረው ማን በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚጋግር መዘገቡ። ወረቀቱን ለሰፈሩ ስናሳይ ሴቶቹ ራሳቸው ቀን ተከፋፈሉ። ትራንስፎርመሩ ለጊዜው ተረፈ። ያው መዝገብ አሁን ለመብራት ኃይል ከገባው የማሳደጊያ ጥያቄ ጋር ተያይዟል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።

የመብራቱን ሒሳብ ለመቀነስ የለካናቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ምጣዱ እስኪግል የሚበላው ብዙ ነው፤ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ከመጋገር የሳምንቱን አንዴ መጋገር ይሻላል። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ሶኬቱን ነቅሎ መጋገር ይቻላል። አክንባሎው በደንብ መግጠም አለበት። ምጣዱን የሚያግለው ሽቦ፣ ሬዚስታንሱ፣ ሲቃጠል በዘፈቀደ የሚጠግን ሰው ርዝመቱን ያሳጥረዋል፤ ያኔ ምጣዱ ከበፊቱ የበለጠ ይስባል፣ የቤቱ ሽቦም ለአደጋ ይጋለጣል። ከምድጃ ሠሪዎቹ መካከል ሁለት ሴቶችን ጥገናውን በመለኪያ እንዲሠሩ አሠልጥነናል።

አሁን የምንሞክረው ሳሳ ያለ ምጣድ ነው። ሸክላው ከሳሳ ቶሎ ይግላል፣ መብራትም ይቆጥባል፤ ግን ሊሰበር ይችላል፣ ሙቀቱም ቶሎ ይወርዳል። ባለፈው ቅዳሜ ያኔ ውሃ ያፈላል ያሉኝ እናት ቤት ወስደነው ነበር። ቆጣሪውን አነበብን፣ ሊጡን አፈሰሱ፣ ከደኑ። አክንባሎውን አንስተው እንጀራውን ትንሽ ተመለከቱት፤ ሰፌዱን ሰደድ አድርገው አወጡት፤ ከብርሃን ፊት ያዙት።

«ዓይኑ መጥቷል። ዳሩ ግን ትንሽ ይቀረዋል» አሉኝ።

ተማሪዬ በደብተሩ ጻፈው። ሬዚስታንሱን ወደ ዳር ትንሽ አስፍተን ሰሞኑን እንመለሳለን።